ሳይሞላ አይነሳም

ፍጥነት የሚባለውን የሥራ ባልደረባችንን ሊፍት ሲጠብቅ ያየ ሰው ሌላውን ሕይወቱን ባያይ አይጎዳም። ቁልፉን ይጫነዋል፤ መብራቱ ይበራል። የበራውን ደግሞ ይጫነዋል። ሌላ ሰው መጥቶ አጠገቡ ሲቆም፣ ያ ሰው እጁን ከኪሱ ሳያወጣ እሱ ይጫንለታል። ሊፍቱ ሲከፈት ዞር ብሎ በፈገግታ ያየናል፤ ያመጣው እሱ ነዋ።

ስሙን ያወጣለት ሌላ ሰው አይደለም። እኛ ቅጽል ስም የሚወጣልን ሳናስበው፣ በማንወደው ነገር ነው። እሱ ግን ገና ተማሪ ሳለ «እኔን ፍጥነት በሉኝ» ብሎ ጓደኞቹን ለመነ። ጓደኞቹም፣ ባለቤቴ ጭምር፣ ከጭቅጭቁ ይሻላል ብለው አሉት። በዚያው ቀረ። ዛሬ በበሩ ላይ ከማዕረጉ በታች ያንኑ አጽፎታል።

እሱና ባለቤቴ አብረው ተምረው፣ አብረው ተቀጥረው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ኖሩ። መሥሪያ ቤታችን የድንገተኛ ጥሪ የሚቀበል ነው። ሰው ሲታመም፣ ሲወድቅ፣ ሲቃጠል ይደውላል፤ የት እንዳለና ምን እንደሆነ እንጠይቃለን፤ አምቡላንስ እንልካለን። እኔና ጓደኞቼ በፊተኛው አዳራሽ የጆሮ ማዳመጫ አድርገን ስልክ እናነሳለን። ከመስታወቱ በስተጀርባ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ አሉ፤ ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስባቸው፣ ሹራብ ካልለበሱ የማይገባበት ክፍል። የባለቤቴ ሹራብ ቡናማ ነበር። ፍጥነት ሹራብ የለውም፤ ብርድ የሚሰማው ቀርፋፋ ሰው ነው ይላል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያነጥሰዋል።

ቤታችን እየመጣ ይበላ ነበር። ከማንኛችንም በፊት ጨርሶ ሳህኑን ይገፋና እኛ ስናኝክ ያያል። የሰው ንግግርም እንደዚያው ነው፤ አጋምሶ ይቀማና ራሱ ይጨርሰዋል። ብዙ ጊዜ ይስታል፤ መሳቱ ግን አስቁሞት አያውቅም። አንድ ቀን ሚስቱ፣

«ነገ ልጁን ወደ…» ስትል፣

«ወደ ትምህርት ቤት አደርሰዋለሁ፤ አውቄያለሁ» አላት።

«ወደ ጥርስ ሐኪም።»

«እሱንም ልልሽ ነበር።»

ያቺ ሴት ስታገባው ወሬኛ ነበረች። አሁን በሁለት ቃል የምታልቅ ሰው ሆናለች፤ ከሁለት በላይ ከሆነ ይወስድባታላ።

የሥራቸውን ነገር ባለቤቴ ቤት ይዞ አይመጣም ነበር። አንድ ምሽት ብቻ፣ እሱ ዕቃ እያጠበ እኔ እየወለወልኩ፣ ፍጥነት ምን እንደሚያጨቃጭቀው ጠየቅሁት።

«ካርዱ ነው» አለኝ።

«የምን ካርድ?»

«ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ የሚገባበት ካርድ። የደዋዩ ድምፅ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፤ ትንንሽ ቁራጭ። ካርዱን በረኛ በይው። ድሮ አንድ ቁራጭ በመጣ ቁጥር ውስጥ ያለውን ያንኳኳበታል። ውስጥ ያለው ደግሞ የያዘውን ሥራ ጥሎ ይነሳል፣ ይቀበላል፣ ይመለሳል። ሳይቀመጥ ደግሞ ይንኳኳል። ቀኑን ሙሉ መነሳት ብቻ።»

«እኔን መሰለኛ» አልኩት።

ሳቀ። «ስለዚህ ካርዱ ያጠራቅምና አንዴ ያንኳኳል። እንደ ሚኒባስ ታክሲ፤ ሰው ሲሞላ ይነሳል።»

«ካልሞላስ?»

ሳህኑን ይዞ ቆመ። ጥያቄዬን ወደደው መሰለኝ። «ማለዳ ታክሲ ውስጥ ብቻሽን ተቀምጠሽ አታውቂም? ለዚያ ነው ሁለት ሕግ ያለው። ወይ ይሙላ፣ ወይ ሰዓቱ ይድረስ። የቀደመው ያስነሳዋል። ሰዓቱም ዓይንሽን እስክታርገበግቢ አይቆይም። ፍጥነት ግን ሰዓቱን አንሳልኝ ይለኛል፤ ሁልጊዜ ሞልቶ ይሂድ፣ ኮምፒውተሩ ይረፍ ይላል። እኔ አልነካውም አልኩት።»

ከዚያ ሳህኑን አቀበለኝ፤ ወሬውም አለቀ።

ባለቤቴ ታመመ፤ ሕመሙም አላቆየውም። ሞተ። በቀብሩ ላይ ፍጥነት እንደ ጓደኛ እንዲናገር ተጠየቀ። ቆመና እንዴት እንደተዋወቁ ጀመረ፤ ከዚያ በመጀመሪያው ፈተና ማን እንደበለጠ፤ ከዚያ እሱ ስለሠራው፣ እሱ ስላሻሻለው፣ ለእሱ ስለተጨበጨበለት። የባለቤቴ ስም መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ተነሳ። «ጠንቃቃ ሰው ነበር» አለ፤ አጭር ሰው ነበር እንደሚባለው ዓይነት። ከዚያ ሰዓቱን አየ። አማቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይሄ ሰውዬ የማን ለቅሶ መስሎት ነው?» አለችኝ። ልጇን የቀበረች ሴት ናት፤ ያን ቀን ያለችው ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም።

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ቤት ሁለት ብርጭቆ ማውረዴን አልተውኩም፤ አንዱን መልሼ እሰቅለዋለሁ። መሥሪያ ቤት ግን ሰው ይደውላል፤ የደወለ ሰው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው።

የኮምፒውተሩ ክፍል ለፍጥነት ብቻ ቀረ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ፤ ኮምፒውተሮቹ ምን ያህል እንደደከሙ፣ በመስመሩ ምን ያህል እንዳለፈ በሰማያዊ መስመር የሚያሳይ። ቡናማው ሹራብ ከማንጠልጠያው ሳይወርድ ፍጥነት የካርዱን ሰዓት አነሳው። ያን ጊዜ እኛ ይሄን አላወቅንም። ያየነው ሰማያዊው መስመር ዘጭ ማለቱን ነው። ኮምፒውተሩ አረፈ። ፍጥነት ሥራ በሚበዛበት በረፋዱ፣ የስልክ ቅጂዎቹን ሁሉ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየገለበጠ ሞከረው፤ እንደ ውሃ ፈሰሰ። አለቃችንን ጠርቶ አሳየው። አለቃችን ስለ መስመሩ የሚያውቀው ሰማያዊ መሆኑን ነው። አጨበጨበ። ኬክ ተቆረጠ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ፍጥነት ወረቀቱን በባለቤቴ ወንበር ትይዩ ሰቀለው፤ የሚያየው ሰው በሌለበት።

አሁን ስለ ትልቋ ልናገር። ትልቋ ሁላችንንም ስልክ ማንሳት ያስተማረች ሴት ናት። የደዋይን ትንፋሽ ሰምታ ደረጃ ላይ ይሁን ሜዳ ላይ የምትለይ። ድምፅዋ ደግሞ የሚያለቅስ ሰው የሚያስቀምጥ ድምፅ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ የላትም፤ ማለዳ ስለምትነቃ የማለዳውን ተራ ለራሷ አድርጋዋለች። በዚያ ሰዓት አዳራሹ ጭር ይላል። አንድ ሰው ይደውላል፣ ከዚያ ዝም፤ ቆይቶ ሌላ።

ኬኩ ከተበላ በኋላ ትልቋ «ይድገሙልኝ» ማለት አበዛች። ድምፁ አይመጣም፣ አይመጣም፤ ከዚያ ተገፋፍቶ በአንዴ ይገባል አለች። ለፍጥነት ነገረችው። እሱ ረፋዱ ላይ፣ ሁላችንም ስንጮህና መስመሩ ሁሉ ተይዞ ሳለ መጣ፤ ማዳመጫዋን ከራሷ ላይ አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ጥርት ያለ ነው፣ እትዬ።»

«አሁንማ ጥርት ያለ ነው። ማለዳ ናና ስማው።»

«ኮምፒውተር ማለዳና ረፋድ አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እሱማ፣ ዕድሜ…» ብሎ ጀመረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱንም ንግግር ሳይጨርስ ተወው። የቀረውን ሁላችንም ሰማነው።

ነገሩ በዚህ በቀረ ነበር። አንድ ማለዳ ግን ልጁ አፍንጫው ውስጥ ዶቃ ከትቶ መተንፈስ ያቃተው አባት ደወለ። ትልቋ አድራሻውን አስደገመችው። ደግማ አስደገመችው። አምቡላንሱ ደረሰ፤ ልጁ ዳነ። አባትየው ግን በነጋታው በእግሩ መጥቶ በአዳራሹ መሀል «ደንቆሮ ነው እንዴ የምታስቀምጡት?» ብሎ ጮኸ። ትልቋ ተነስታ ይቅርታ ጠየቀችው። ልጁ እንዴት እንደሆነም ጠየቀችው። አባትየው አፈረ፤ ቃሉ ግን አለቃችን ጆሮ ገብቷል።

የጆሮ ሐኪም ጋ ላኳት። ሐኪሙ «ለዕድሜዋ ደህና ነው» አለ። ፍጥነት ከዚህ ውስጥ «ለዕድሜዋ» የሚለውን ብቻ ወስዶ ለአለቃችን አቀበለው። እንግዶች ሊጎበኙን ቀጠሮ ነበር፤ ጉብኝቱ ሲያልፍ ትልቋ ከስልክ ተነስታ የደንብ ልብስ ዕቃ ቤት ትገባለች ተባለ።

«ዕቃ ቤት ምን እሰማለሁ?» አለችኝ፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን። ሌላ አላለችም። የማዳመጫዋን ገመድ ግን እንደ ልጅ ፀጉር በጣቷ ታበጥረው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ተራዬ ሳይሆን መጥቼ አጠገቧ ማዳመጫ አደረግሁ። እውነቷን ነው። አንዲት ሴት ደወለች፤ ትንፋሽ የለም፣ ድምፅ የለም፤ ከዚያ «ባሌወድቆደረጃው» ብሎ አንድ ጭነት ቃል ፈሰሰ። ወደ ፍጥነት ክፍል ገባሁና በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ አልኩት። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣

«እህቴ፣ ሐዘን ጆሮ ይደፍናል» አለኝ። «ጊዜ ስጪው።»

ቡናማውን ሹራብ ከማንጠልጠያው አውርጄ ወጣሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ልተወው አልፈለግሁም።

የጉብኝቱ ቀን ደረሰ። ከየአገሩ እንደ እኛው ዓይነት መሥሪያ ቤት የሚመሩ ሰዎች ናቸው፤ መካከላቸው አንዲት ጫማዋ ጭቃ የነካው ኢንጂነር አለች። ፍጥነት ከረባት አድርጓል። ከሰማያዊው መስመር ፊት ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ከዚያ «አሁን ደግሞ በድምፅ አሳያችኋለሁ» አለ። አዳራሹ እንዳይረብሽበት አስቀድሞ አዝዞ ነበር፤ ጥሪዎቹ ሁሉ ለጊዜው ወደ ሌላኛው አዳራሽ ሠራተኞችና ማሽኖች እንዲዛወሩ፣ እኛም እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ። አንድ መስመር ብቻ ተከፍቶ ቀረ፤ የእሱ። እሱ በኮሪደሩ ሆኖ በሞባይሉ ይደውላል፤ ድምፁ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ለሁሉም ይሰማል።

አለቃችን «ማን ያንሳው?» ሲለው፣ ወደ ትልቋ አገጩን ቀሰረ።

«እሷ ታንሳው። እሷ እንኳ ትሰማዋለች።»

ትልቋ ማዳመጫዋን አደረገች። ፍጥነት ወጣ። የኮሪደሩ በር መስታወት ስለሆነ ቆሞ ሲደውል ሁላችንም እናየዋለን። አነሳች።

«አቤት፣ ድንገተኛ ጥሪ። ምን ልርዳዎት?»

አፉ ተንቀሳቀሰ። ማጉያው ዝም። እጁን አነሳ፣ ከረባቱን ነካ፣ ፈገግ አለ፤ ማጉያው ዝም። ንግግሩን ጨርሶ አፉን ከዘጋ በኋላ «ክቡራንእንግዶችይህየምትሰሙት» የሚል ከማጉያው ወጣና እንደገና ተቆረጠ። አንድ እንግዳ በአፍንጫው ሳቀ።

«አልሰማሁም። ይድገሙልኝ» አለች ትልቋ፤ ለደዋይ ሁሉ በምትናገርበት በዚያው ድምፅ።

ፍጥነት ስልኩን የሊፍት ቁልፍ አስመሰለው፤ ይነካካዋል፣ አጥፍቶ ይደውላል፣ ይጮኻል። አፉ ሲከፈት ማጉያው ዝም ይላል፤ አፉ ሲዘጋ ማጉያው ይናገራል። አፍና ድምፅ ተጣልተው የሚኖሩ ባልና ሚስት መሰሉ። እንግዶቹ መሳቃቸውን መደበቅ ተዉ። አለቃችን ሰማያዊውን መስመር አየ፤ መስመሩ ከመቼውም ይልቅ ያማረ ነው። ሥራ የለማ።

ፍጥነት ፊቱ ደም መስሎ ገባ። «የሞባይሉ ኔትወርክ ነው» አለ።

ጫማዋ ጭቃ የነካው ኢንጂነር ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ካርዱ ሲያጠራቅም የሚጠብቅበትን ጊዜ ስንት ላይ ነው ያደረግከው?»

«ዘግቼዋለሁ» አለ አፉን ሞልቶ። ይሄን ጥያቄ ሲጠብቀው የኖረ ይመስል ነበር። «በቁጥር ብቻ ነው የሚሄደው። ኮምፒውተሩን ያለ ምክንያት የሚቀሰቅሰው ነገር የለም።»

«ሌሎቹን መስመሮች ደግሞ ወደ ሌላ አዳራሽ ያዛወርካቸው አንተ ነህ።»

«ጸጥታ እንዲሆን።»

«እንግዲያማ ሳይሞላ አይነሳም» አለች፤ ክፉም ሳትሆን፣ እንዲሁ። «ማለዳ ማለዳ የሚደውልላችሁ ሰው እንዴት ሲያደርግ ቆየ?»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ባለቤቴ ሳህን ይዞ ቆሞ የነገረኝን ሌላ ሰው አፍ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ፍጥነት ወደ ክፍሉ ሮጠ። ሰዓቱን መልሶ ማስገባት ብዙ አልፈጀበትም፤ የተበላሸውን ሲያበጅ ፈጣን መሆኑን አልክድም። ተመልሶ ሲደውል ድምፁ ከአፉ ጋር ተስማምቶ ወጣ። እንግዶቹ በትህትና አጨበጨቡ። እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ እጅ ነሳ።

ሳምንት ሳይሞላ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ሁለተኛው ዙር ማሻሻያ» ይላል። በመጀመሪያው ዙር የኮምፒውተሩ ድካም ቀንሷል፤ በሁለተኛው ዙር የድምፅ መዘግየት ተወግዷል። ለሁለተኛው ዙርም የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ባለቤቴ ትቶለት የሄደውን አንድ ጊዜ አበላሽቶ፣ አንድ ጊዜ መልሶ፣ ለሁለቱም ተሸለመ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሰቅሏቸዋል። ኬኩን ግን በዚህኛው ጊዜ አልቀመስኩትም፤ ስልክ ከሚያነሱት ሴቶች አንዷም አልቀመሰችውም። የጥበቃ ሠራተኞቹ በሉት።

አለቃችን ትልቋን አስጠርቶ ዕቃ ቤት መግባቷ እንደቀረ ነገራት። «ጆሮሽ ተሽሎሻል ማለት ነው» አላት።

«መቼ ታመመና?»

«እንግዲህ በዚህ እንዝጋው።»

ትልቋ አልዘጋችውም። በማግስቱ መጥታ ወንበሯ አጠገብ ቆመች፤ አልቀመጠችም። ማዳመጫውን በእጇ እንደያዘች፣

«ያን ልጅ ጥሩልኝ» አለች።

ፍጥነት መጣ። ከወንበሩ ተነስቶ ሰው ጋ መሄድ አይወድም፤ ሁላችንም ዞረን ስላየነው መጣ።

«እትዬ፣ ቸኩያለሁ።»

«ኮሪደር ውጣና ደውልልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የማን ጥፋት እንደነበር ንገረኝ። ሌላ አልጠይቅህም። ካልሆነ ይሄን ወንበር ለፈለግኸው ስጠው፤ ዕቃ ቤት እገባለሁ።»

ወደ አለቃችን አየ። አለቃችን የመስኮቱን መጋረጃ የሚመረምር መሰለ። ወደ እኔም አየ፤ ምን እንደፈለገ አላውቅም። ወጣ። በመስታወቱ በኩል ስልኩን ወደ ጆሮው ሲወስድ አየነው። ትልቋ ቁጭ አለችና ማዳመጫዋን አደረገች፤ ድምፁን በማጉያው ከፈተችው።

«አቤት፣ ድንገተኛ ጥሪ። ምን ልርዳዎት?»

«የሲስተም ችግር ነበር» አለ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የጉሮሮው አክታ ሳይቀር ይሰማል።

«አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።»

«ሲስተሙ ላይ… አንድ ቁጥር ተነክቶ ነበር።»

«ማን እንደነካው አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።»

በአዳራሹ ስልክ የያዙት ብቻ በሹክሹክታ ይናገራሉ። በመስታወቱ ባሻገር ፍጥነት በነጻ እጁ የሊፍቱን ቁልፍ ይፈልግ ይመስል ግድግዳውን ይዳብሳል።

«እኔ ነኝ የነካሁት» አለ። «የኔ ጥፋት ነበር። ጆሮሽ ደህና ነው።»

«አመሰግናለሁ። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

ፍጥነት ስልኩን ዘጋው። የትልቋ መስመር ወዲያው በራ። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና አነሳችው።